ከካርዱ ጀርባ የጻፍኩት

የዘጌ ቡና ቆልቼ፣ አሽጌ እሸጣለሁ። ሥራ ስጀምር ባሕር ዳር ውስጥ የነጋዴዎች ስብሰባ አለ ከተባለ አልቀርም ነበር። አንድ ቀን ጣና ዳር ካለ ሆቴል አዳራሽ 34 ቢዝነስ ካርድ ይዤ ወጣሁ። በሳምንቱ ለሁሉም ደወልኩ። "እናስብበታለን" ከማለት በቀር ማንም ምንም አላለኝም። እውነት ለመናገር እኔም የአብዛኞቹን መልክ አላስታውስም ነበር።

ከዚያ በኋላ መንገዴን ቀየርኩ። በአንድ ስብሰባ ሁለት ሰው፣ ቢበዛ ሦስት። ካርድ ከማውጣቴ በፊት "ሥራ እንዴት ነው?" እላለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

አንድ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸውን አባት የተዋወቅኳቸው እንዲህ ነው። ስለ ቡና አላወራንም። ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ልትፈተን ነበር፤ ጭንቀታቸው ሁሉ እሱ ነው። ስንለያይ ከካርዳቸው ጀርባ በእስክሪብቶ "ልጃቸው፣ ፈተና" ብዬ ጻፍኩ። ፈተናው ሲያልቅ ደውዬ "እንዴት ሆነላት?" አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "አንቺ ልጅ፣ አልረሳሽም?" አሉኝ።

ቡናዬን ማዘዝ የጀመሩት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው። እስከዚያ አንድም ቀን ይግዙኝ አላልኩም። በዓል ሲመጣ እንኳን አደረሰዎት እላለሁ። እናታቸው ሲያርፉም ለቅሶ ደረስኩ። ለቅሶን ደንበኛ ማግኛ የሚያደርግ ሰው ካለ በጣም ያሳዝነኛል፤ እኔ የሄድኩት ስለቀረቡኝ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅቷን ይዘው መጡ። በጀልባ አብረን ወደ ዘጌ ተሻገርን። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንዴት እንደሚበቅል ማየት ፈልጋ ነበር።