ለጣርማበር ቁልቁለት የሚሆን የሞተር ፍሬን ሸራ አመራረጤ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ታች የሚነዳ ሞተረኛ ከፊት ፍሬኑ ሁለት ነገር ይፈልጋል። ማለዳ በውርጩ፣ ሸራው ገና ሳይሞቅ መያዝ አለበት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ጣርማበር በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ደግሞ ግሎም መያዝ አለበት። ሱቅ ገብቶ «ኦርጅናል ነው?» ብሎ መጠየቅ ይህን አይመልስም። እኔ የምፈልገው በሸራው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ የሚታተሙትን ሁለት ፊደሎች ነው።

የመጀመሪያው ፊደል ሸራው ሳይግል፣ ሁለተኛው ከጋለ በኋላ ዲስኩን ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። የሰበቃ መጠኑ ለኢ ከ0.25 እስከ 0.35፣ ለኤፍ እስከ 0.45፣ ለጂ እስከ 0.55 ነው፤ ኤች ከዚያ በላይ ነው። «ጂ ኤፍ» ከሆነ ሲግል ይደክማል ማለት ነው፤ ለቁልቁለት አልገዛውም። «ኤች ኤች ቶሎ አያልቅም» የሚል ሻጭ ብዙ ነው፤ ፊደሉ ግን የሚናገረው ስለ አያያዝ እንጂ ስለ ዕድሜ አይደለም።

ከመግዛቴ በፊት አሮጌውን ሸራ ፈትቼ በደንብ አየሁት። ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ ነበር፤ ይህ የመጋል ምልክት ነው። አንዱ ሸራ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል። ሁለቱ እኩል ካላለቁ ጥፋቱ የሸራው አይደለም፤ ካሊፐሩ (ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል) የሚንሸራተትበት ዘንግ ዝጓል ወይም ሸራውን የሚገፋው ፒስተን አልመለስ ብሏል። ይህ ሳይስተካከል የሚገጠም አዲስ ሸራም እንዲሁ ተዛብቶ ያልቃል። የእኔው ዘንግ ደርቆ ነበር።

ቀጥሎ የዲስኩን ውፍረት በካሊበር (በሚሊ ሜትር መለኪያ) አራት ቦታ ለካሁ። ዝቅተኛው ውፍረት ራሱ ዲስኩ ላይ ተቀርጿል፤ የእኔ 3.5 ሚሊ ሜትር ይላል፣ የለካሁት 3.8 ሆነ። ይህ ቁጥር ምርጫዬን ወሰነው። ከብረት ዱቄት ተጋግሮ የሚሠራው ሸራ ሙቀትና ውኃን በደንብ ይችላል፤ ለጣርማበር ጉምና ዝናብ ጥሩ ነው። ነገር ግን ለእሱ ያልተሠራን ዲስክ ቶሎ ይበላል፣ ሙቀቱንም ወደ ፒስተኑና ወደ ፍሬን ዘይቱ በብዛት ያስተላልፋል። 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ለቀረው ዲስክ ይህን አልመርጥም፤ ዲስክ ከሸራ ይልቅ ውድ ነው። ስለዚህ ከፊል ብረት የሆነውን «ጂ ጂ» ወሰድኩ። በየቀኑ ሰውና ጭነት ይዞ ለሚወርድ፣ ዲስኩም ለሚፈቅድለት፣ ከብረት ዱቄት የተሠራው ይሻላል።

ሱቅ የሄድኩት አሮጌውን ይዤ ነው። ጀርባ ለጀርባ ገጥሜ የቀዳዳውን ቦታና የብረቱን ውፍረት አስተያየሁ። ሻጩ መጀመሪያ የሰጠኝን ሸራ ጠርዙን በጥፍሬ ስፍቅ ዱቄት ሆነ፤ ሸራውና ብረቱ የተጣበቁበት መስመር ላይም ፀጉር የምታህል ክፍተት ነበረችው። መለስኩት። እንዲህ ያለው ሲግል ከብረቱ ሊላቀቅ ይችላል።

ስገጥም መጀመሪያ ካሊፐሩን በውኃና በሳሙና አጠብኩ፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ በአየር አይነፋም። የፒስተኑን ዙሪያ በጥርስ ብሩሽና በፍሬን ዘይት ሳላጸዳ ወደ ውስጥ አልገፋሁም፤ ቆሻሻው የፒስተኑን ማሸጊያ ጎማ ይቆርጣል። ሲገፋ የፍሬን ዘይቱ ስለሚያሻቅብ የዘይት ዕቃውን ክዳን ከፍቼ ጥቂት ቀነስኩ። ቀለም ላይ የፈሰሰ ዘይት ወዲያው በውኃ ካልታጠበ ቀለሙን ይልጠዋል። ለዘንጉ የሲሊኮን ግራሶ ቀባሁ፤ ተራው ግራሶ የዘንጉን መሸፈኛ ጎማ ያሳብጣል። ዲስኩን በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፍቄ በአልኮል ጠረግሁ። ገጥሜ ስጨርስ፣ ሞተሩን ከማንቀሳቀሴ በፊት፣ የፍሬኑን መያዣ እስኪጠነክር ደጋግሜ ጨመቅሁ። ይህን የረሳ ሰው መጀመሪያ ሲይዝ ፍሬን የለውም።

ዘይቱንም ቀየርኩ፤ ሻይ መስሎ ጠቁሮ ነበር። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲስብ መለኪያው 155 ነው። ለዶት 3 እነዚህ ቁጥሮች 205 እና 140 ናቸው። ቁልቁለት ላይ መያዣው በድንገት ባዶ የሚሆነው በብዛት ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ሲሠራ ነው፤ ያኔ ሸራ ቢቀየር ለውጥ የለውም።

አዲስ ሸራ በጣርማበር አይሟሽም፤ ሳይለማመድ ከጋለ ፊቱ ይቃጠላል። እኔ በጫጫ በኩል ባለው ሜዳ ከ50 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ቀስ እያልኩ 20 ጊዜ ያህል ያዝኩ። በየመሃሉ ግማሽ ኪሎ ሜትር እያቀዘቀዝኩ፣ አንዴም ጨምቄ ሳልቆም።

ከዚያ በ2ኛ እና በ3ኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱን እየያዘ፣ ፍሬኑን አጭር አጭር እየነካሁ ወረድኩ። ደብረ ሲና ስደርስ የመያዣው ርቀት ጠዋት ከነበረው አልተለወጠም። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ፈትቼ ስለካ ሁለቱም ሸራዎች 3.7 ሚሊ ሜትር ሆኑ፤ ፊታቸው አመድማ፣ እኩል የተሰመረ። ዘንጉ እየሠራ ነው።