ዜሮዎቹ የት ገቡ?

ቃሊቲ ላለ አንድ መጋዘን የካርቶን ሌብል የሚያትም ስክሪፕት (አጭር ፕሮግራም) እንድንሠራ ተጠየቅን። ሲወራ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ካርቶን መለያ ቁጥርና ብዛቱ ይገባል፣ ስክሪፕቱ አንድ አንድ እየጨመረ ያትማል። ችግሩ፣ ቁጥሩ 20 አሃዝ ነው። የመጋዘኑ ኮምፒውተር ደግሞ ያረጀ ነው። ኢንተርኔት የለ፣ የፓይተን ፕሮግራም ቋንቋ የለ፤ ያለው ባሽና ኦክ የሚባሉት የስክሪፕት መጻፊያዎች ብቻ።

አብሮኝ የሚሠራው ልጅ በኦክ ጀመረ። ኦክ ቁጥር የሚይዘው በዳብል (ባለ ነጥብ ቁጥር መያዣ) ስለሆነ ከ9007199254740992 በላይ ሙሉ ቁጥሮችን ሁሉ መለየት አይችልም። አንድ ቢጨምርበት ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ባሽም ቢሆን ቁጥር የሚይዘው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ 9223372036854775807 ላይ አንድ ሲደመር ምንም ሳይል ኔጌቲቭ ይሆናል። ዝም ብሎ መሳሳቱ ነው የሚያበሽቀው።

ስለዚህ ልጁ መደመሩን ራሱ በባሽ ጻፈው። ቁጥሩን እንደ ጽሑፍ ይቀበልና ከቀኝ ዘጠኝ ዘጠኝ አሃዝ እየቆረጠ ይደምራል፤ ቢሊዮን ከሞላ አንዱን ወደ ግራ ያሻግራል። ያው አንደኛ ደረጃ የተማርነው ነው። ዘጠኝ ያደረገው ነገ ማባዛት ቢመጣም ብሎ ነው፤ ሁለት ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥሮች ቢባዙ ውጤቱ ከ18 አሃዝ አያልፍም።

ማተም ተጀመረ። ስቶር ኪፐሯ ሁለት ሌብል ጎን ለጎን ያዙና፣ «ልጆች፣ ይሄኛው አጠረብኝ እኮ» አሉ።

የፊተኛው በ999999999 ያልቃል። ቀጣዩ ላይ ዘጠኝ ዜሮ መደርደር ሲገባው አንዲት ዜሮ ብቻ ቁጭ ብላለች። 20 አሃዝ የነበረው 12 ሆኗል። ማሻገሩማ ልክ ነበር፤ ባሽ ግን ውጤቱን ሲጽፍ ለፊት ዜሮ ደንታ የለውም።

ይህቺ በፕሪንትኤፍ፣ ጽሑፍን በተፈለገው ቅርጽ በሚያወጣው ትእዛዝ፣ ተፈታች። ከግራ ጫፉ በቀር እያንዳንዱ ቁራጭ ዘጠኝ ቦታ እስኪይዝ ፊቱ በዜሮ ይሞላል። ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። ባሽ በዜሮ የሚጀምር ቁጥር ሲያነብ ኦክታል፣ ማለትም ከ0 እስከ 7 ባሉ አሃዞች ብቻ የሚጻፍ የስምንት ቤት ቁጥር፣ ይመስለዋል፤ 000000008 ላይ ሲደርስ ስህተት ብሎ ቆመ። መቆሙ ደግ ነው። መነሻው በ000000010 የሚያልቅ ቢሆን ኖሮ ግን ስምንት ብሎ ያነበዋል፤ 11 መሆን ያለበት ካርቶን 9 ተብሎ ይወጣል፣ ማንም አያውቅም። መፍትሔው ከቁራጩ ፊት 10# መጻፍ ነው፤ በአሥር ቤት አንብብ እንደማለት።

ልጁ ቀድሞ የሞከረባቸው ቁጥሮች ውስጥ አንድም ዜሮ አልነበረም። ያጠሩት ሌብሎች ደግሞ ገሚሶቹ ተለጥፈው ነበር። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ፣ እኔና እሱ ካርቶን ስንልጥ ዋልን።