አሮጌው ቤት ምን ተሸክሞ ነበር? የወላጆቼን ቤት ያፈረስንበት መንገድ

ግድግዳው ወደ ውስጥ ይወድቃል ተብሎ ነበር። የወደቀው ወደ ውጭ ነው። አካፋ ይዞ ውጭ የቆመው ልጅ ሃያ ዓመት የሞላው አይመስለኝም። የጭቃው ክምር እግሩ አጠገብ፣ ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይርቅ ነው ያረፈው። አቧራው ሲገፈፍ ልጁ እንደቆመ አየሁትና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። ወዲያው ሥራውን አስቆምኩ። የሁሉንም የቀን ሂሳብ ከፍዬ አሰናበትኳቸው።

ይህ የሆነው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ነው። ዋናውን ቤት አባቴ በ1962 ዓ.ም. ነው የሠራው። 9 ሜትር በ7 ሜትር የሆነ፣ በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ የጭቃ ቤት ነው። በኋላ ከጀርባው ማድ ቤት፣ ከጎኑ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ተጨመሩ። ጥግ ላይ የጉድጓድ ሽንት ቤት ነበር። እናታችን ካረፈች በኋላ ቤቱ ሦስት ዓመት ተዘግቶ ከረመ። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ምስጥ ገባ፣ የኋላው ግድግዳ ሆዱን ነፋ። እኔና ወንድሜ አሜሪካ ካለችው እህታችን ጋር ተመካከርንና አፍርሰን አዲስ ለመሥራት ተስማማን። እህታችን ውክልና ላከች። ካርታውንና የወራሽነት ማስረጃውን ይዘን የማፍረስ ፈቃድ ጠየቅን። ወረቀቱ ጊዜ ወሰደ እንጂ አላስቸገረንም።

ያስቸገረን የእኔ ችኮላ ነው። ሰፈር ውስጥ ቤት የሚያፈርሱ ልጆች አሉ። ቆርቆሮውንና እንጨቱን ራሳቸው ይወስዳሉ፣ ለባለቤቱም ትንሽ ገንዘብ ይሰጣሉ። ማፍረስ ምን ጥበብ ይፈልጋል ብዬ ተስማማሁ። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ሥራም አይፈሩም። ግን አንድም ሄልሜት አልነበራቸውም። ሁለቱ በሸበጥ ነበር የመጡት። ያን አይቼ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆረቁረኛል።

በማግስቱ ወንድሜ በማፍረስ ሥራ የሚታወቅ ኢንጂነር ይዞ መጣ። ሰውዬው ሁለት ሰዓት ሙሉ ምንም ሳይነካ ግቢውን ዞረ። የጎረቤቶችን አጥር ተሻግሮም አየ። ከዚያ የማድ ቤቱን የኋላ ግድግዳ በእጁ እየዳበሰ ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ግድግዳ ምን ተሸክሟል?»

«ጣሪያውን ነዋ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀና ወደ ላይ አሳየኝ። ሰፈራችን ተዳፋት ነው። ከላይ ያሉት ጎረቤታችን ግቢ ከእኛ በአንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። አባቴ ማድ ቤቱን ሲሠራ የኋላ ግድግዳውን በድንጋይ ገንብቶ ከአፈሩ ጋር አጣብቆት ኖሯል። እኛ ማድ ቤት የምንለው ነገር ሃምሳ ዓመት ሙሉ የጎረቤታችንን ግቢ ደግፎ ይዞ ነበር። ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ሊያፈርሱት ያሰቡት እሱን ነው። እላዩ ላይ እማማ የምንላቸው የላይኛዋ ጎረቤታችን ኩሽና አለ። እማማ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እዚያ ተቀምጠው ነው ቡና የሚያፈሉት።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኢንጂነሩ ስለወደቀው ግድግዳም አስረዳኝ። የጭቃ ግድግዳ ማለት ጭቃ የለበሰ እንጨት ነው። ቋሚው መሬት ውስጥ ተተክሏል፣ ማገሩ አግድም አስሮታል፣ ጭቃው በጭድ ተቦክቶ መሐሉን ሞልቶታል። ጣሪያው ደግሞ ግድግዳዎቹን ከላይ አያይዞ ይይዛቸዋል። ልጆቹ ጣሪያውን በሙሉ አነሱና ግድግዳውን ከሥር በዲጅኖ መምታት ጀመሩ። ምስጥ የቋሚዎቹን እግር በልቶት ስለነበር ግድግዳው ከላይም ከታችም የሚይዘው ነገር አጣ። እንዲህ ያለ ግድግዳ በየት በኩል እንደሚወድቅ ማንም መገመት አይችልም።

የእሱ ሰዎች ሥራውን የጀመሩት በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ቀሪዎቹን ግድግዳዎች ከሁለቱም ወገን በአጠና ደገፉ። ከዚያ ጭቃውን ከላይ ወደ ታች እየላጡ አወረዱ። እንጨቱ ብቻውን አጥንት ሆኖ ሲቀር ማገሩን ፈቱ፣ ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ቆረጡ። የማዕዘን ቋሚዎች መጨረሻ ላይ ተነሱ። አቧራው ሰፈሩን እንዳያጥለቀልቅ አንድ ሰው ሥራው ሁልጊዜ ውሃ መርጨት ብቻ ነበር። ሲርስ ግን ጭቃው ይከብዳል፣ ስለዚህ ብዙ አይረጭም። ጥቅምት ላይ መጀመራችንም ለዚህ ጠቀመን። ክረምት ላይ ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ክብደቱ ሌላ ነው።

ለመብራቱ ብዙም አልተጨነቅኩም። ቆጣሪው በደንብ ተነስቷል፣ አለቀ ብዬ ነበር። ኤሌክትሪሺያኑ ግን እያንዳንዱን ክፍል በቴስተር ካልነካሁ አለ። ሰርቪሱ ላይ ሲደርስ ቴስተሩ በራ። ለካ ከዓመታት በፊት የእኛ መብራት ሲበላሽ፣ ለሁለት ሳምንት ተብሎ ከታችኛው ጎረቤት በአጥር ላይ የተሳበ መስመር ነበር። ሁላችንም ረስተነዋል። መስመሩ ግን ኤሌክትሪክ እንደያዘ ግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል። ዲጅኖ ቢያገኘው ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ቤት ለማፍረስ የምታስቡ፣ እባካችሁ ቆጣሪ ስለተነሳ ብቻ አትመኑ። ሶኬቱንም አምፖሉንም በየክፍሉ አስፈትሹ።

አሸንዳውም የራሱ ታሪክ ነበረው። የታችኛው ጎረቤት የጣሪያ ውሃ በእኛ አሸንዳ ነበር የሚወርደው። እሱን ቶሎ ስላወቅን በቱቦ ወደ መንገዱ ቦይ መለስነው።

የሰርቪሱ ጣሪያ ቆርቆሮ አልነበረም። ግራጫ፣ ወፍራም፣ ሲሚንቶ የሚመስል ክዳን ነው። ኢንጂነሩ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል ብሎ ጠረጠረ። ሲሰበር የሚወጣው ክር ዓይን የማያየው ነው። ሳንባ ውስጥ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ማንም በመዶሻ አልነካውም። በውሃ አርሰው፣ ብሎኑን ፈትተው፣ ሳይሰብሩ አወረዱትና በወፍራም ፕላስቲክ ጠቀለሉት። ልጅ ሆነን የዚህን ጣሪያ ስብርባሪ እንደ ጠመኔ እንጽፍበት ነበር።

ሽንት ቤቱን በአፈር ደፍነን እንለፈው የሚል ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ አልተቀበለኝም። የአሮጌ ጉድጓድ ክዳን እንጨቱ ውስጥ ውስጡን ይበሰብስና ሰው ሲረግጠው ይከዳል። ውስጡ ያለው ጋዝ ደግሞ የገባን ሰው በደቂቃዎች ሊገድል ይችላል፣ ሊያወጣው የገባውንም ይጨምራል። ማንም እንዳይገባ ታጠረ። መጣጭ መኪና መጥቶ አወጣው። ኖራ ተነሰነሰበት፣ ከዚያ ድንጋይና ሰሌክት የሚባለው የተመረጠ የመሙያ አፈር በየተራ እየተጠቀጠቀ ተሞላ። ቦታውንም ለክተን በአዲሱ ፕላን ላይ ምልክት አደረግን። የአዲሱ ቤት ኮለን (ምሰሶ) እላዩ ላይ እንዳይቆም ማለት ነው።

ስለ ውል ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ሲጣላ የማየው እዚህ ላይ ነው። የቃል ስምምነት አልፈለግንም። ፈራሹ ዕቃ የማን ነው፣ ፍርስራሹን ማን ያነሳል፣ የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግናል፣ ሠራተኛ ቢጎዳ ኢንሹራንሱ የት ነው? ሁሉም ተጻፈ። ሥራው ሳይጀመር የጎረቤቶቻችንን ግድግዳና ወለል ከነስንጥቃቸው ፎቶ አነሳን፣ እነሱም አብረውን ዞሩ። በኋላ የታችኛው ጎረቤት አንድ ስንጥቅ አሳየን። ፎቶውን አብረን አየነው፣ ድሮም ነበር። ሳንኳረፍ አለቀ።

በሂሳብ የተሳሳትኩት ፍርስራሹ ላይ ነው። የግድግዳውን ጭቃ ለክቼ 27 ሜትር ኪዩብ አገኘሁ። አንድ ሲኖትራክ 16 ይጭናል፣ ሁለት ምልልስ ይበቃል አልኩ። ግን ተጠቅጥቆ የቆመ ጭቃ ሲፈርስ ይላላና ቦታው ይሰፋል። ወደ 40 ተጠግቶ ሦስት ምልልስ ፈጀ። ለግቢው መሙያ እናስቀረው ብዬም ነበር። ጭድ ስላለበት ከወለል በታች ሲገባ በስብሶ ይሰጥማል ተባልኩ። የመሠረቱን ድንጋይ ግን አንድም አልጣልንም። ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ደርድረን አስቀመጥነው።

ሚስማርን ማንም አይቆጥረውም። እነዚህ ሰዎች በየቀኑ ማታ ከእንጨቱ እየነቀሉ በጣሳ ይሰበስቡ ነበር። የዛገ ሚስማር የወጋው ሰው ቴታነስ ሊይዘው ይችላል። ከጣሪያው 64 ቆርቆሮዎች ደህናዎቹን ለአጥር አስቀረን። የተበላው፣ ብረታ ብረቱና ሚስማሩ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄደ።

እንጨቱን ስንለይ አንድ ነገር አስገረመኝ። የባሕር ዛፉ ቋሚ ሁሉ ከመሬት በታች ያለው ክፍሉ ተበልቷል። አራቱ የማዕዘን ቋሚዎች ግን ጽድ ናቸው። ስንቆርጣቸው ውስጣቸው ቀይ ነው፣ ሽታቸውም አልጠፋም። ምስጥ አልደፈራቸውም። አባቴ ገንዘብ አጥሮት ሌላውን በባሕር ዛፍ ሲሠራ ማዕዘኑን ግን በጽድ አቁሞታል። ይህን ነግሮን አያውቅም። ቋሚዎቹን ሸራ አልብሰን አስቀምጠናል፣ ለአዲሱ በረንዳ ይሆናሉ።

የሳሎኑ ልስን ሲላጥ ከሥሩ በየዓመቱ የተለጠፈ ጋዜጣ ተነባብሮ ወጣ። እናቴ ለበዓል ቤት ስታሳምር የለጠፈችው ነው። አንዱን ገጽ ሳይቀደድ ለማላቀቅ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀሁ። ሠራተኞቹ ቸኩል አላሉኝም። ለእህቴ ላክሁላት።

የማድ ቤቱ የኋላ ግድግዳ እስከ መጨረሻው አልተነካም። ታኅሣሥ ላይ ግቢው ባዶ ሆኖ እሱ ብቻውን ቆሞ ነበር። እማማ ኩሽናቸውን ለጊዜው ወደ ፊት ለፊት አዛወሩልን። ከዚያ ግድግዳውን ሁለት ሁለት ሜትር እየከፈልን አፈረስን፤ አንዱ ክፍል ፈርሶ በአዲስ መደገፊያ ግንብ ሳይተካ ቀጣዩ አይነካም። ከግንቡ ጀርባ ጠጠር ተሞላ፣ ከአፈሩ የሚመጣው ውሃ እንዳይገፋው ማስወጫ ቱቦዎች ገቡበት። ለአዲሱ ቤት ካሰብነው ገንዘብ ላይ ብዙ ወሰደብን። ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ አልተከራከረም።

ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረበት ቀን ነበር። ሊነጋጋ ሲል ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ውሃው በሁሉም ቱቦ እየወጣ ነበር። ከላይ የእማማ ኩሽና ጢስ ይታያል።