ግራናይቱ ለላቫው ዘመድ ነው ወይስ ጎረቤት?

እንዴት ሰነበታችሁ? ከዳር ወደ መሀል አለቱ እየተለዋወጠ የሚሄድ ግራናይት በአካባቢው ካለው የእሳተ ገሞራ አለት ጋር ያለውን ዝምድና በአንድ ወረቀት ላይ ስዬ ጨረስኩ። ኩራት ቢጤ ስለተሰማኝ ነው የምጽፈው። የማዕድን ስም ማጥናቱን እዘለዋለሁ፤ ሁላችሁም አልፋችሁበታል።

ጎጃም ለዚህ ትምህርት አይመችም። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ጂፕሰም፣ ከታች አሸዋ ድንጋይ ነው። ጮቄም ብትወጡ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው ባዛልት ነው፣ ወደ ጫፉ ትራካይት (ከባዛልት ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አለት)። ላቫውን የመገበው የማግማ (ከምድር ሥር የቀለጠ አለት) ቋት ግን እንደተቀበረ ነው። ካሊፎርኒያ ያለው የቱዎሎምኒ ግራናይት የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቋቱ አፍጦ ይታያል፣ በላዩ የነበረው ተሸርሽሮ አልቋል። እኛ ላይኛውን፣ እነሱ ታችኛውን ይዘናል።

ፍዳዬን ያሳየኝ አቅጣጫው ነው። ቱዎሎምኒ ዳር ዳሩን ሆርንብሌንድና ባዮታይት የሚባሉ ጥቁር ማዕድናት የበዙበት ጠቆር ያለ ግራኖዳዮራይት (የግራናይት የቅርብ ዘመድ) አለ። ወደ ውስጥ ሲገባ እየነጣ ይሄድና ጣት የሚያህሉ የፌልድስፓር (ነጣ ያለ ማዕድን) ክሪስታሎች ይመጣሉ፤ እምብርቱ ላይ ደቃቅ ግራናይት። እሳተ ገሞራው ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ ነጩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ ተነጥፎ ይገኛል። ይህን የፈታልኝ የጠላ ጋን ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው ላይ ላዩ ጥሩው ነው፤ አተላው መጨረሻ ይመጣል። ኦሪገን ውስጥ ማዛማ ተራራ ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት ሲፈነዳ ቀድሞ የወጣው ሲሊካ የበዛበት ነጣ ያለ ፐሚስ (ቀዳዳማ ቀላል ድንጋይ) ነበር፤ ጥቁሩ ስኮሪያ (ከፐሚስ ከበድ ያለ ቀዳዳማ ድንጋይ) ኋላ መጥቶ ላዩ ላይ ተከመረ። ቋቱ ውስጥ ከላይ የነበረው መሬት ላይ ከሥር ሆነ ማለት ነው። ያው ፍንዳታ ከቋቱ ግድግዳ የግራኖዳዮራይት ቋጥኞችንም ነቅሎ አውጥቷል፤ ላቫና ግራናይት አብረው ሲመጡ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

እዚህ ላይ ማቆም ባማረ፤ ዕድሜው ግን አያስቆምም። ጂኦሎጂስቶቹ ቤትማንና ቻፔል በ1979 የቱዎሎምኒን መለዋወጥ ከዳር ወደ ውስጥ እየረጋ በሄደ ማግማ አስረዱት። በ2004 ኮልማን፣ ግሬይና ግላዝነር ዚርኮን ከሚባለው ማዕድን የተለካ ዕድሜ ይዘው መጡ፤ ዳሩ 95 ሚሊዮን፣ መሀሉ 85 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። አንድ ቋት 10 ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ቀልጦ አይቆይም። ማግማው በየጊዜው እየገባ የተደራረበ ነው ያሉት ለዚህ ነው። በአቅራቢያው ያለው የሚናሬትስ ካልዴራ (እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተደረመሰበት ጉድጓድ) አለትማ ከቱዎሎምኒ በዕድሜ ይቀድማል፤ ጎረቤት እንጂ ልጅ አይደለም።

ስለዚህ የሃርከር ግራፍ (የአለቶችን ንጥረ ነገሮች ከሲሊካ መጠን ጋር የሚያነጻጽረው) ላይ ነጥቦቹ ስለተሰለፉ ብቻ «ምንጫቸው አንድ ነው» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ትዕግሥቴ ያልቃል። በአንድ የእሳተ ገሞራ ቀበቶ ላይ ያሉ ዝምድና የሌላቸው ማግማዎችም እንዲያው ይሰለፋሉ። መጀመሪያ ዕድሜ ይታይ፣ ከዚያ ማዕድኑ፣ ኬሚስትሪው በመጨረሻ። ከኬሚስትሪውም ለእኔ የሚያሳምነው ዩሮፒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ፌልድስፓር ስለሚወስደው ራዮላይቱ (ሲሊካ የበዛበት የፈሰሰው አለት) ላይ ከጎደለ፣ ከታች በቀረው የክሪስታል ክምችት ላይ ትርፍ ሆኖ መገኘት አለበት። ይህን እያልኩ የኖርም ስሌት (ከኬሚስትሪው ተነስቶ ማዕድናቱን የሚገምተው) ሲመጣ ግን ገጹን ገልብጬ ነው የማልፈው፤ እንዳትከተሉኝ።

ሜዳ ላይ ግራናይት ለማናገኝ ሰዎች እብነ በረድ ቆራጮች ዘንድ ቁርጥራጭ አይጠፋም። የተወለወለውን ፊት ውሃ አርከፍክፉበትና ትልቅ ፌልድስፓር ፈልጋችሁ በማጉያ መነጽር እዩት። ውስጡ ጥቃቅን ጥቁር ባዮታይቶች የክሪስታሉን ቅርጽ ተከትለው ዙሪያውን ከተደረደሩ፣ ቅልጡ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ማደጉን ያመለክታሉ። ለዓይን ማለማመጃ እንጂ ለሌላ አይሆንም፤ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ ሻጩን ብትጠይቁት የሚነግራችሁ የካሬውን ዋጋ ነው።