በቆሎ ያዩት ዶክተር

ከአሜሪካ የመጡት ዶክተር ጎበዝ ናቸው፤ እሱን አልክድም። የጥርስ ሐኪም መሰርሰሪያ ይዘው ከጥንት አጽሞች ጥርስ ኢናሜል፣ ማለትም ከጥርሱ ጠንካራ ሽፋን ላይ ጥቂት ሚሊግራም ዱቄት ሲያነሡ ማየት ያስቀናል። ነገር የተበላሸው ዱቄቱ ውጭ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ነው።

የሰዎቹ ካርቦን 13፣ ማለትም ከምግብ ወደ ጥርስ የሚገባው ከበድ ያለ የካርቦን ዓይነት፣ ከፍ ብሎ ተገኘ። ረቂቅ ሪፖርቱ ላይ «በብዛት በቆሎ ይመገቡ ነበር» ተብሎ ተጻፈ። አጽሞቹ የተቀበሩት ግን ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደ በቆሎ አገር ወደ አሜሪካ ከመሻገሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። በቆሎው በምን መጣ?

ልማዱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ተመራማሪዎቹ ቮገልና ቫን ደር ሜርዌ በ1977 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ግዛት አጽሞችን ሲመረምሩ ካርቦኑን ከፍ ያደረገው በቆሎ ነበር። እዚያ ሰው የሚበላው ሌላ ተክል በአብዛኛው ሲ3 የሚባለው፣ ካርቦን 13 ዝቅ የሚልበት የተክል ዓይነት ነዋ! እኛ ጋ ግን ጤፉም ማሽላውም ዳጉሳውም እንደ በቆሎ ሲ4 ነው፤ ካርቦን 13ን ከፍ ያደርጋል። ስንዴ፣ ገብስና እንሰት ናቸው ሲ3።

ምሳ ላይ አነሣሁት። ሽሮ በእንጀራ እየበላን ነበር።

«ዶክተር፣ ጤፉስ?»

«ምን ሆነ?» አሉና እንጀራውን ገለጥ አድርገው አዩት።

«ጤፍም ሲ4 ነው እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ መጀመሪያ የናሙና መዝገቡን ጨርሺ» ብለው አንድ እንጀራ አስጨመሩ።

ሰው ማስረጃውን እየጎረሰ ይከራከራል? ዝም አልኩ። መዝገቡ እኮ አልቆ ነበር።

የመጨረሻው ሪፖርት ሲመጣ በቆሎ የሚባል ነገር የለም። በምትኩ «ጤፍ ተመጋቢ ማኅበረሰብ» ተብሏል። ከየት መጣ? አልተጻፈም። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው። የባሰብኝ ግን ሌላ ነው፤ ካርቦን ጤፍን ከማሽላ አይለይም። የሲ4 ሣር የጋጠች ላም ወተትም ቁጥሩን ወደዚያው ይገፋዋል። ኢናሜል ደግሞ በልጅነት ተሠርቶ የሚያልቅ ነው፤ ስለ ልጅነት ምግብ እያወራን ወተትን መዝለል ምን የሚሉት ነው?

ደወልኩላቸው።

«ዶክተር፣ ማሽላም ሊሆን ይችላል። ወተትም አለ።»

«እንዴ! ጤፍ ነው ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሐሳቡ የእኔ መሆኑን ያመኑት ያኔ ብቻ ነው።