ቶርኖና ሚሊንግ ላይ ዲጂታል ሪድአውት፦ እንዴት እንደመረጥኩና እንደገጠምኩ

ጅማ ውስጥ በቤቱ ቶርኖ ላስቀመጠ ሰው በብዛት የሚመጣለት ሥራ የጀንፈል መፈልፈያና የወፍጮ ሻፍት ነው። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ ይበላል፤ በብየዳ ይሞላል፤ ከዚያ በቶርኖ ወደ ልኩ ይመለሳል። 6205 የሚባለው ኩሽኔታ ውስጡ 25 ሚሊሜትር ነው። ሻፍቱ በኬ6 ልክ (ሻፍትና ኩሽኔታ በሚያያዙበት መደበኛ ልክ) እንዲይዘው ከተፈለገ ውፍረቱ ከ25.002 እስከ 25.015 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የተፈቀደው ስፋት 0.013 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ዲጂታል ሪድአውት፣ ማለትም የማሽኑን እንቅስቃሴ በስኬል (በመለኪያ ዘንግ) ላይ በሚንሸራተት አንባቢ ለክቶ በማሳያ ላይ በቁጥር የሚያሳይ መሣሪያ፣ ስመርጥ የተነሳሁት ከዚህ ቁጥር ነው። ማሳያው ላይ ስንት ቁልፍ አለ የሚለው ኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የመስታወት ስኬሎች በአብዛኛው 5 ማይክሮን ወይም 1 ማይክሮን ያነባሉ። 5 ማይክሮን፣ ማለትም 0.005 ሚሊሜትር፣ ለቤት ወርክሾፕ ከበቂ በላይ ይመስላል። ነገር ግን ቶርኖው ላይ ቢላውን ወደ ሻፍቱ የሚያስገባው ክሮስ ስላይድ 0.005 ወደ ውስጥ ሲገባ ሻፍቱ ዙሪያውን ስለሚቀንስ ዲያሜትሩ በ0.010 ይወርዳል። ማሳያው በዲያሜትር ሲነበብ በ0.010 እየዘለለ ይቆጥራል ማለት ነው። 0.013 ስፋት ውስጥ ለመግባት ይህ ዝላይ በጣም ሰፊ ነው። ስለዚህ ለክሮስ ስላይዱ 1 ማይክሮን፣ በቶርኖው አልጋ ላይ በርዝመት ለሚሄደው ካሬጅና ለሚሊንጉ ሁለት አቅጣጫዎች 5 ማይክሮን ወሰድኩ። ገንዘብ ካጠረ ሌላው ሁሉ ይቅርና ክሮስ ስላይዱ 1 ማይክሮን ይሁን እላለሁ።

በዓይነት በኩል ሦስት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው በባትሪ የሚሠራው፣ እንደ ዲጂታል ካሊፐር ያለው ርካሽ ስኬል ነው። ውሃና ኩላንት ሲነካው ቁጥሩ ይዘላል ወይም ይጠፋል፤ እኔ የተጠቀምኩበት በሚሊንጉ ኩዊል (መቁረጫውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄደው ክፍል) ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ ደረቅ ነው፣ የጉድጓድ ጥልቀት ማየትም ይበቃል። ሁለተኛው የመስታወት ስኬል ነው፤ በዋጋና በጥራት ሲመዘን ለቤት ወርክሾፕ ሚዛኑ ወደ እሱ ያደላል። ሦስተኛው ማግኔቲክ ቴፕ ነው፤ ዘይትና ውሃ አይፈራም፣ በልክ ይቆረጣል፣ ቦታም አይፈልግም። ጠላቱ ጠንካራ ማግኔት ነው። የዳያል ኢንዲኬተር (ትንሽ እንቅስቃሴን በመርፌ የሚያሳይ መለኪያ) ማግኔቲክ ቤዝ አንድ ጊዜ ቢያርፍበት የተጻፈበትን ምልክት ያበላሻል፤ ያ ደግሞ አይጠገንም። ቦታው እጅግ ጠባብ ካልሆነ በቀር የመስታወቱን እመርጣለሁ።

ርዝመት ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ሻጩ 300 ሲል የሚያነበውን ርዝመት ነው፤ የአካሉ ርዝመት እንደ ሞዴሉ ቢያንስ 100 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሁለት ልኬት ያስፈልጋል፦ ማሽኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄደው መንገድ፣ እና አካሉ የሚያርፍበት ቦታ። መንገዱን ስለካ ማቆሚያ ብሎኖችን ሁሉ አውልቄ፣ ብረት ብረትን እስኪነካ ድረስ ወስጄ ነው። የሚሊንጌ ጠረጴዛ 600 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ 650 የሚያነብ ስኬል ገዛሁ። በሁለቱም ጫፍ ቢያንስ 10 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ካልተረፈ አንባቢው የስኬሉን ጫፍ ይመታል፤ የእጀታው ጉልበትም በብሎን ስለሚባዛ መስታወቱ ሲሰበር እጅ ላይ እንኳ አይሰማም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ 350 ኪሎሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ስኬሎቹ አንባቢውን የሚይዙትን የፕላስቲክ ክሊፖች እንደያዙ፣ ከወፍራም ጣውላ ጋር ታስረው ቢመጡ ይሻላል። ሲደርሱ አንድም ቀዳዳ ሳይበሳ በፊት ጠረጴዛ ላይ ሰክቼ ፈተሽኳቸው፦ ክሊፑን አውጥቶ አንባቢውን በእጅ ቀስ ብሎ ከጫፍ ጫፍ መውሰድ፣ አንድ ቦታ ዜሮ ማድረግ፣ ደጋግሞ ወደዚያው ቦታ መመለስ። ቁጥሩ መሃል ላይ የሚቆም ወይም የሚዘል ከሆነ ዕቃው መመለስ ያለበት አሁን ነው። ክሊፖቹን አትጣሉ፤ ሲገጠም ያስፈልጋሉ።

ሥራውን ከሚሊንጉ ጀመርኩ፤ ቦታው ሰፊ ስለሆነ እጅ የሚፍታታበት እሱ ነው። የኤክስ (የግራና ቀኝ) ስኬል በጠረጴዛው ጀርባ ላይ ይታሰራል፣ አንባቢው ደግሞ ሳድሉ ላይ፣ ማለትም ጠረጴዛው በሚንሸራተትበት ክፍል ላይ። እንዲህ ሲሆን ገመዱ በኤክስ አቅጣጫ አይጎተትም። የስኬሉ ከንፈር፣ ማለትም ጎማው ያለበት ክፍት ጎን፣ ወደ ታች ይዙር፤ የብረት ፍቅፋቂና ኩላንት ከላይ ነው የሚመጣው።

የጠረጴዛው ጀርባ ቀለም የተቀባ ሻካራ ካስት ስለሆነ ስኬሉን በቀጥታ አላሰርኩበትም። መጀመሪያ ቀለሙን ፍቄ፣ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም ባር በኤም 6 ብሎን አሰርኩ። ከእያንዳንዱ ብሎን አጠገብ ባሩን ከካስቱ የሚገፋ ጭንቅላት የሌለው ትንሽ ብሎን አለ። አንዱ ይስባል፣ አንዱ ይገፋል፤ በሁለቱ መካከል ባሩ በመቶኛ ሚሊሜትር ይስተካከላል። ለኤም 6 ጥርስ 5.0፣ ለኤም 5 4.2፣ ለኤም 4 3.3 ሚሊሜትር መብሻ ነው። ካስት ሲበሳ የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ስላይዱ ውስጥ ከገባ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይበላዋል፤ ብሎኑንና መንሸራተቻዎቹን አስቀድሜ በጨርቅና በቴፕ ሸፈንኩ፣ ዱቄቱንም በንፋስ ሳልነፋ በማግኔትና በብሩሽ ሰበሰብኩ።

ከዚያ ዳያል ኢንዲኬተሩን ሳድሉ ላይ አቁሜ፣ ጫፉን በስኬሉ አካል ላይ አስደግፌ ጠረጴዛውን ከጫፍ ጫፍ ወሰድኩ፤ መጀመሪያ በፊት ለፊቱ፣ ቀጥሎ በላዩ። በሁለቱም አቅጣጫ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ 0.05 ላይ ሳደርሰው አቆምኩ። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ብዙዎች ስኬሉ ከተጣመመ ልኬቱ ይሳሳታል ብለው ነው የሚደክሙት። በ1000 ሚሊሜትር ላይ 1 ሚሊሜትር ቢጣመም እንኳ የልኬቱ ስህተት 0.0005 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከምንም አይቆጠርም። ችግሩ ሌላ ነው፦ አንባቢው ከስኬሉ አካል ጋር ያለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ስኬሉ ከተጣመመ አንባቢው በአንድ ጫፍ ይተሻሻል፣ በሌላው ይርቃል። ከዚያ ጎማው ይቀደዳል፣ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ኩሽኔታዎች ያልቃሉ፣ ቁጥሩም መዝለል ይጀምራል።

ብራኬቱ ላይ ልቆይ፤ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው፣ የሪድአውቱም እውነተኛነት የሚወሰነው እዚሁ ነው። ከስኬሉ ጋር የሚመጣው ቀጭን የላሜራ ብራኬት ረጅም ሲሆን ይተጣጠፋል። አንባቢው ሲንሸራተት በጎማው ምክንያት ትንሽ ይከብዳል፤ ብራኬቱ ቀጭን ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይታጠፋል፣ ቀጥሎ አንባቢው ይከተላል። ጠረጴዛው አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር 0.01 ወይም 0.02 ሚሊሜትር ይጠፋል። ያን ያየ ሰው ባክላሽ (የብሎኑ ጥርስ ልልነት) ነው ይላል። ሪድአውት ግን የሚያነበው ጠረጴዛውን ራሱን ስለሆነ የብሎኑ ባክላሽ ቁጥሩ ውስጥ አይገባም። ስትመላለሱ ልዩነት ከታየ ብራኬቱን ጠርጥሩ። እኔ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው አሉሚኒየም፣ በተቻለ መጠን አጭር አድርጌ፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር ሠራሁ። ፍተሻው ቀላል ነው፦ አንባቢውን በአውራ ጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቁጥሩ ተንቀሳቅሶ ካልተመለሰ ብሎን ልል ነው፤ ተንቀሳቅሶ ከተመለሰ ብራኬቱ ቀጭን ነው።

ብራኬቱ ሲታሰር አንባቢው መጎተት የለበትም። ጠረጴዛውን መሃል ላይ አቁሜ፣ ክሊፖቹ እንዳሉ አንባቢውን ከብራኬቱ ጋር አገናኘሁ፤ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ቀጫጭን ላሜራዎች) ለክቼ፣ በዚያው ልክ ቀጭን ላሜራ ሞላሁበት። ክፍተቱን ብሎን በማጥበቅ መዝጋት አንባቢውን ያጣምማል። ከታሰረ በኋላ ክሊፖቹን አውጥቼ ጠረጴዛውን በእጅ ወደ ሁለቱም ጫፍ ወስጄ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ አየሁ፤ መሃልና ጫፍ ላይ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

የዋይ (የፊትና የኋላ) ስኬል በጎን በኩል ይገጠማል፤ ሥራው ያው ስለሆነ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ የሳድሉ ማሰሪያ እጀታ ሙሉ ዙር ሲዞር ስኬሉን እንዳይነካ ከመብሳት በፊት ይታይ።

ቶርኖው ላይ የካሬጁ ስኬል ከአልጋው ጀርባ ይሆናል፤ ከላይ ባለ 3 ሚሊሜትር አሉሚኒየም ሽፋን ይደረግለት። አስቸጋሪው ክሮስ ስላይዱ ነው። እዚያ ቀጭኑ ስኬል ያስፈልጋል፣ ጎኑም መመረጥ አለበት። ወደ ቻኩ (ሥራውን ጨብጦ ወደሚያዞረው) ከሆነ የጋለ ፍቅፋቂ በቀጥታ ይመታዋል፣ ቻኩም ሊነካው ይችላል። ወደ ቴልስቶኩ (ሥራውን ከሌላው ጫፍ ወደሚደግፈው) ከሆነ ቴልስቶኩ የሚጠጋበትን ቦታ ይቀንሳል፤ በብዙ ቶርኖዎች የካሬጁ ማሰሪያ ብሎንም እዚያው ስለሆነ ቁልፍ የሚገባበት መንገድ ያስፈልጋል። እኔ የቴልስቶኩን ጎን መረጥኩ፤ ለአጭር ሥራ የቴልስቶኩን ማንድሪን ትንሽ ማስረዘም ይበቃል።

ክሮስ ስላይዱን ስትበሱ በአንዱ ጎን ጊብ (የስላይዱን ልልነት የሚያስተካክል ቀጭን ብረት) እንዳለ አትርሱ። ቀዳዳው አልፎ ከገባ ጊቡን ያበላሻል፣ ወይም ከማጥበቂያ ብሎኖቹ ጋር ይጋጫል። ስላይዱን አውልቄ ከዳቭቴሉ (ስላይዱ ከሚሄድበት ሰያፍ ቦይ) እስከ ውጭ ያለውን የብረቱን ውፍረት ለክቼ፣ መብሻው ላይ በቴፕ ጥልቀቱን ምልክት አድርጌ ነው የበሳሁት። ኤም 4 ብሎን 8 ሚሊሜትር ጥርስ ከያዘ ለዚህ ክብደት በቂ ነው።

ሌላው፣ የካሬጁ ስኬል ኮምፓውንዱን፣ ማለትም ክሮስ ስላይዱ ላይ ያለውን ትንሹን የቢላ ስላይድ፣ አያይም። ኮምፓውንዱን በእጅ ካንቀሳቀሳችሁት ማሳያው የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀመጣል። ርዝመት በማሳያ ስሠራ ኮምፓውንዱን ጊቡ ላይ አጥብቄ እዘጋዋለሁ።

ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ላልቶ መታሰር አለበት፤ ማሽኑ እስከ መጨረሻው ሲሄድ እንዳይወጠር፣ ከመሰኪያው በፊትም ወደ ታች ዞሮ እንዲወጣ፤ ዘይት ገመዱን ተከትሎ ይወርዳልና። ከሞተሩ ገመድ፣ በተለይ ከኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት ከሚቀይረው መሣሪያ) ከሚወጣው፣ ይራቅ። የማሳያው አካልና የማሽኑ አካል ከመሬት ሽቦ ጋር ይገናኙ፤ በመልቲሜትር ስለካው ከ1 ኦም በታች እስኪሆን አስተካከልኩት። ማሽኑ አጠገብ ብየዳ ሲኖር ስኬሎቹን ከማሳያው እነቅላለሁ። ጅማ ነጎድጓድ የሚበዛበት አገር ስለሆነ ማታ የኃይል መሰኪያውም ይነቀላል። መብራት ሲቋረጥና ሲመለስ ማሳያው የመጨረሻውን ቁጥር ቢያስታውስም በመሃል ማሽኑ ከተንቀሳቀሰ ያ ቁጥር ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ አነስተኛ ዩፒኤስ አድርጌለታለሁ። ማሳያው የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው።

ቅንብሩ ላይ መጀመሪያ የሚታየው የስኬሉ ንባብ ነው። ማሳያው 5 ማይክሮን ተብሎ ተቀምጦ ስኬሉ 1 ማይክሮን ከሆነ 10 ሚሊሜትር ስትሄዱ 50 ያሳያል፤ ተቃራኒው ሲሆን 2 ያሳያል። ስኬሉ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ቀጥሎ የመቁጠሪያው አቅጣጫ፣ ከዚያ ክሮስ ስላይዱ በዲያሜትር እንዲነበብ ማድረግ። መነሻውን የምይዘው በሥራው ነው፦ ቀላል ቆረጣ፣ ክሮስ ስላይዱን ሳይነኩ ካሬጁን ማራቅ፣ ማቆም፣ በማይክሮሜትር መለካት፣ የተገኘውን ቁጥር ማስገባት። ማሳያው የቢላውን መበላትና የሻፍቱን መታጠፍ አያውቅም፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቆረጣዎች እኩል ጥልቀት ይኑራቸው፣ በመካከላቸውም እንደገና ይለካ።

ለትክክለኛነት ፍተሻ ከማይክሮሜትር ጋር የሚመጡት የ25፣ 50 እና 75 ሚሊሜትር መለኪያ ዘንጎች ይበቃሉ። ስህተቱ ከርዝመቱ ጋር እኩል የሚያድግ ከሆነ በማሳያው ማካካሻ ይስተካከላል፤ በ100 ሚሊሜትር 0.02 ማለት በሚሊዮን 200 ነው። አንድ ቦታ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን በማካካሻ አይድንም፤ ወደ ስኬሉ አሰላለፍ ወይም ወደ ብራኬቱ መመለስ ነው። የክብ ቀዳዳ ፕሮግራሙንም አንድ ጊዜ በወረቀት አረጋግጡት፦ 120 ሚሊሜትር ክብ ላይ 6 ቀዳዳ ሲሆን የመጀመሪያው ኤክስ 60 ዋይ 0፣ ሁለተኛው ኤክስ 30 ዋይ 51.962 ነው።

ማሳያው የማያውቀው ሌላ ነገር የማሽኑ እርጅና ነው። ስኬሉ ያለው ከሥራው ዝቅ ብሎ ነው። ጠረጴዛው በ200 ሚሊሜትር 0.02 ቢያዘነብልና በስኬሉና በቢላው መካከል 150 ሚሊሜትር ከፍታ ቢኖር 0.015 ሚሊሜትር ስህተት ይገባል፤ ቁጥሩ ግን ትክክል ሆኖ ይታያል። ለዚህ መድኃኒቱ ስኬል መቀየር አይደለም፤ ጊቡን ማስተካከልና ሲቆረጥ የማይንቀሳቀሰውን አቅጣጫ ማሰር ነው። አሉሚኒየም ሲሠራ ሙቀትም ይታሰብ፦ 500 ሚሊሜትር አሉሚኒየም 10 ዲግሪ ሲሞቅ 0.115 ሚሊሜትር ይረዝማል።

በክረምት ጠዋት ብረቱ ላቦ ይገኛል፤ መስታወቱም ውስጡ እንዲሁ። ቁጥሩ ከዘለለ ስኬሉን ለመፍታት አትቸኩሉ፤ ወርክሾፑ እስኪሞቅ ጠብቁ፣ ከዚያ ዜሮውን እንደገና ያዙ። ኮምፕሬሰር ግን ወደ ስኬሉ ከንፈር በጭራሽ አይነፋ፤ እርጥበቱንና ዱቄቱን ጎማውን አሳልፎ መስታወቱ ላይ ያስቀምጠዋል።