የእናቴን ስለት ልክፈል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አስቀድሜ ልናገር፤ እናቴ ከበሽታዋ አልዳነችም። ሙት ዓመቷንም አውጥተናል። ግን “ከሆነልኝ ልጄ ትመሰክርልኛለች” ብላ ለጻድቃኔ ማርያም ተስላ ነበርና ያለብኝን ልክፈል።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መጀመሪያ እንጀራ አልወርድ አላት። “እዚህ ጋ ይቆማል” እያለች ደረቷን ትነካ ነበር። እኛም ጨጓራ ነው፣ ብርድ ነው እያልን በተልባና በዝንጅብል ሦስት ወር ፈጀን (ያ ሦስት ወር ዛሬም ያንገበግበኛል)። ከዚያ ገንፎው ቀረ፤ ከዚያ አጥሚቱም። አዲስ አበባ ወስደን በካሜራ ስትታይ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ጉበቷም ጋ ደርሷል። ሐኪሙ ለብቻዬ ሊነግረኝ ወደ በሩ ሲጠራኝ፣ “ዶክተር፣ በሽታው የኔ አይደል እንዴ? እዚሁ ንገሩን” አለችው።

ጻድቃኔ ሁለት ሱባኤ ያዝን። እኔ አለቀስኩ፣ ተሳልኩ፣ ከእመቤታችን ጋር የተሟገትኩትን እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ልንመለስ ስንል “አንቺስ ምን ብለሽ ለመንሽ?” አልኳት። “ሥጋ ወደሙን ውጬ ልሙት ነው ያልኩት።” ተናደድኩ። እዚህ ደጅ ድረስ ተመጥቶ ይቺ ትለመናለች?

ነገሩ ግን ትንሽ አልነበረም። ውኃ በሻይ ማንኪያ ስንሰጣት ተመልሶ ይወጣል፤ ምራቋን እንኳ ጣሳ ላይ ነበር የምትተፋው። የያዛት ግሉኮስ ነው። የንስሐ አባታችን “ሥጋ ወደሙ ከወጣስ?” ብለው ፈሩ። እውነታቸውን ነው። ሦስት ቀን እየተመላለሱ ጸልየውላት ሲያበቁ “ይሁን፣ ለጽዮን አምጧት” አሉ።

የኅዳር 21 ሌሊት ውርጩ ሣሩን አንጥፎታል። በጋቢ ላይ ሁለት የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደርበንላት ባጃጅ ውስጥ አስገባናት። “እማዬ፣ ጾሙን አደራ” ብላት፣ “እሱንስ ከወር በፊት ጀምሬዋለሁ” አለች። ባለባጃጁ ሳቀ። ጨለማው አያስፈራሽም ወይ ስላት ደግሞ፣ “ብርሃን ወርዶበት ዘርዐ ያዕቆብ ስሙን ያወጣለት አገር ተቀምጬ?” አለችኝ።

ካህኑ ከሥጋው እጅግ ጥቂት ሰጧት። ዲያቆኑ ደሙን በዕርፈ መስቀል አቀበላት። እኔ ንጹሕ ጨርቅ ይዤ አገጯ ሥር ቆሜያለሁ፤ የማየው ጉሮሮዋን ብቻ ነው። ወጣ አለ፣ ቆመ። ወረደ። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠበሉም ተከትሎ ወረደ። ጨርቁ እንደ ደረቀ እጄ ላይ ቀረ።

በማግስቱ ውኃው እንደ ድሮው እምቢ አለ። ሐኪም ምክንያት አያጣለት ይሆናል፤ አልከራከርም። የለመነችው አንድ ነገር ነበር፣ እሱ ተሰጣት።

ቤት እንደገባን ግን ማንም ያልጠበቀውን አደረገች። የቆረበ ሰው ዝም ማለት አለበት እየተባለች አልጋዋ ላይ ቀና ብላ እልል አለች። ድምፅዋ ከሻከረ ቆይቷልና እልልታው እሪታ ይመስላል። ጎረቤታችን እትዬ፣ እማዬ ሞተች ብላ ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች በሩን በርግዳ ገባች። እማዬ አየቻት፣ ሳቋ መጣ። ያመማት ጎኗን ይዛ እስኪያስላት ሳቀች።

“እትዬ፣ ቸኮልሽ። ነጠላሽን አስተካክዪና ቡናውን አፍሉልኝ፣ ሽታውን እንኳ ላሽትት።”

እትዬ እያለቀሰችም እየሳቀችም ከሰል አያያዘች። ያን ቀን ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። በዘጠነኛው ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ እትዬ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩን ስትገፋ፣ እማዬ እጄን እንደያዘች ሄዳ ነበር።